ፒክፑል ደ ፒኔ እና የቶ ሐይቅ ማዕድ፦ የወይን ጠጅና የምግብ መስማማት ከምን ይመነጫል?

በደቡብ ፈረንሳይ፣ በኤሮ አውራጃ ጠረፍ፣ ከሜዲትራኒያን ባሕር በቀጭን የአሸዋ መሬት የተለየ ቶ የሚባል ጨዋማ ሐይቅ አለ። ስፋቱ ወደ 7,500 ሄክታር ይጠጋል። ከሐይቁ በላይ ባሉ ስድስት መንደሮች መሬት ፒክፑል ደ ፒኔ የተባለው ነጭ ወይን ጠጅ ይመረታል፤ በሐይቁ ውስጥ ደግሞ ኦይስተር ይረባል። ስለ ወይን ጠጅ የሚጽፉ ሰዎች ሁለቱን ለይተው አያነሷቸውም። የሚሰጡት ምክንያት ግን በአንድ አካባቢ የተገኙ ነገሮች በአንድ ማዕድ ላይ ይስማማሉ ከማለት ብዙም አያልፍም። አባባሉ ማራኪ ነው፤ ማብራሪያ ግን አይደለም።

ወይን ጠጁ የሚሠራው ፒክፑል ብላን ከተባለ አንድ ዝርያ ብቻ ነው። ስሙን «ከንፈር ነዳፊ» ብለው የሚተረጉሙ አሉ፤ ይህ ሻጮች የሚወዱት ፍቺ እንጂ በሥርወ ቃል ጥናት የጸና አይደለም። ጠባዩን ግን በትክክል ይገልጻል። በሞቃት አገር የወይን ፍሬ ሲበስል ስኳሩ እየጨመረ ኮምጣጣነቱ ይቀንሳል፤ ዘግይቶ የሚበስለው ፒክፑል ግን በሐሩሩ መካከል አሲዱን ይዞ ይቆያል። አብዛኞቹ አምራቾችም ማሊክ አሲዱ ወደ ለስላሳው ላክቲክ አሲድ እንዳይለወጥ ይከላከላሉ፤ ጭማቂውንም በእንጨት በርሜል ሳይሆን ቀዝቀዝ ባለ የማይዝግ ብረት ጋን ያብላላሉ። የሚገኘው መጠጥ የሎሚ ቃና ያለው፣ ሳይከርም የሚጠጣ ነው።

ከኦይስተር ጋር የሚስማማውም በዚህ ምክንያት ነው። የኦይስተሩ ጨው የወይን ጠጁን ኮምጣጣነት ያለዝባል፤ ኮምጣጣነቱም በተራው በሥጋው ላይ የሚጨመቀውን ሎሚ ይተካል። ታኒን እምብዛም ስለሌለው አፍ አያደርቅም። ከዚህ በላይ ልብ ሊባል የሚገባው የብረት ንጥረ ነገር ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ የጃፓን ተመራማሪዎች ጥናት፣ ወይን ጠጅ ከባሕር ምግብ ጋር ሲቀርብ በአፍ የሚቀረው ደስ የማይል የዓሣ ጠረን ወይን ጠጁ ከያዘው የብረት መጠን ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል። እንግዲህ ለዓሣ ነጭ ወይን ጠጅ ይቅረብ የሚለው የቆየ ሕግ ስለ ቀለም የሚናገር ቢመስልም፣ ቢያንስ በከፊል የሚናገረው ቀለም ስለማይገልጠው ነገር ነው።

የጥምረቱ ጥንታዊነትም ሲመረመር ይሳሳል። ፒክፑል የማርሴያኑ ኗዪ ፕራ ለሚያዘጋጀው ቬርሙት መነሻ ከሚሆኑት ዝርያዎች አንዱ ነው፤ ማለትም ከቅመማ ቅጠል ጋር ተደባልቆ በሌላ ስም የሚሸጥ መጠጥ ሆኖም ኖሯል። ወይን ጠጁ የራሱን የመነሻ ቦታ ስያሜ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ኦይስተሩም ቢሆን የአገሬው ዝርያ አይደለም፤ ቀድሞ ይረባ የነበረው የፖርቱጋል ኦይስተር በበሽታ ካለቀ በኋላ በ1970ዎቹ የገባው የፓሲፊክ ዝርያ ነው። የቦታው የራሱ የሆነው የአረባብ ዘዴው ነው። በሜዲትራኒያን የባሕር ሙላትና ጉድለት እዚህ ግባ የማይባል ስለሆነ፣ ኦይስተሮቹ በገመድ ላይ በሲሚንቶ ተጣብቀው በውኃው ውስጥ ይንጠለጠላሉ።

መስማማቱ ከኬሚካዊ ጠባይ የሚመነጭ ከሆነ ከኦይስተር ውጭም መሥራት አለበት፤ ይሠራልም። ዓሣ በነጭ ሽንኩርት ማባያ የሚቀርብበት የሴት ከተማ ቡሪድ ቅባት የበዛበት በመሆኑ፣ እንዲህ ያለ ኮምጣጣ መጠጥ ይፈልጋል። ፔላርዶን የተባለው የሴቬን ተራሮች የፍየል አይብም እንዲሁ። ከጣልያኗ ጋኤታ በመጡ ስደተኞች የገባው ቲዬል፣ ማለትም በቲማቲምና በሚያቃጥል ቅመም የተሠራ የኦክቶፐስ ቂጣ፣ ፈታኝ ነው፤ አልኮሉ ከፍ ያለ ወይን ጠጅ ማቃጠሉን ያብሰዋል፣ መካከለኛው ፒክፑል ግን ይችለዋል። በአንጻሩ ጣፋጭ ምግብ ኮምጣጣነቱን አጉልቶ መጠጡን ባዶ ያደርገዋል። በቀይ ወይን ጠጅ ለረጅም ሰዓት የተቀቀለ የበሬ ሥጋ ደግሞ ጨርሶ ይውጠዋል።

የአየር ሙቀት በጨመረ ቁጥር አሲዱን የማይለቅ ዝርያ ዋጋው ከፍ ይላል፤ ሙቀቱ ግን ሐይቁንም ያሞቃል። ከበድ ያለ ዝናብ በጣለ ጊዜም ጎርፉ የወይን ማሳውን አፈርና የተረጨበትን መድኃኒት ይዞ ኦይስተሮቹ ወደተንጠለጠሉበት ውኃ ይወርዳል። የወይን ጠጁንና የኦይስተሩን ጉርብትና ለማጥናት የሚሻ ተመራማሪ ከጠረጴዛው ይልቅ ከዚህ ቢጀምር የበለጠ ያገኛል።