ስለ ቅዱሳን የገበታ ሥዕል

እግዚአብሔር ሙሴን በታቦቱ መክደኛ ላይ ሁለት ኪሩቤል እንዲሠራ ማዘዙ በኦሪት ዘጸአት ተጽፎ ይገኛል። ሥዕል በቤተ እግዚአብሔር ሊኖር የተገባ መሆኑ ከዚህ ይታወቃል። ቅዱስ ባስልዮስም ለሥዕል የሚቀርበው ክብር ወደ ባለ ሥዕሉ እንደሚያልፍ አስተምሯል። ስለዚህ በጭሮ፣ በሂርና፣ በበዴሳና በገለምሶ ያላችሁ ምእመናን የአሰቦት ደብረ ወገጉን የአቡነ ሳሙኤልን ሥዕል ስትሳለሙ የምታከብሩት ጻድቁን ነው እንጂ እንጨቱንና ቀለሙን አይደለም።

ይህ ማለት ግን እንጨቱና ቀለሙ ይናቁ ማለት አይደለም። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመነ መንግሥት (ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም.) ፍሬ ጽዮን የሚባል ሠዓሊ ነበረ። በጣና ሐይቅ፣ በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳም የሚገኘው ታላቁ የእመቤታችን የገበታ ሥዕል የእርሱ የእጅ ሥራ ነው። በላዩም የንጉሡንና የአበምኔቱን የይስሐቅን ስም ከጻፈ በኋላ ራሱን ኃጥእ ብሎ ጠርቷል። በዚያው ምዕት ዓመት በኢጣልያም የቅዱሳን መልክ በእንጨት ገበታ ላይ ይሣል ነበር። ከዚያ የመጣው የቬኒስ ሰው ኒኮሎ ብራንካሌዎን መርቆሬዎስ ተብሎ በሀገራችን ከ40 ዓመት በላይ ኖሮ ቅዱሳንን ሥሏል፤ በ1512 ዓ.ም. ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የገባው ቄስ አልቫሬዝም አግኝቶት ስለ እርሱ ጽፏል።

የሥራው ሥርዓት እንዲህ ነው። ገበታው ተጠርቦ ከለሰለሰ በኋላ በሙጫ የተለወሰ ነጭ ልባስ ይቀባል፤ ሥዕሉ በዚያ ላይ ይነደፋል፤ በመጨረሻም ቀለሙ ይገባል። ቅዱሳን ፊታቸው ሙሉ ሆኖ በሁለት ዓይን፣ ዐመፀኞች ግን በጎናቸው በአንድ ዓይን ይሣላሉ፤ ፊደል ያልቈጠረም ሰው ይህን አይቶ ይማራል።

እንግዲህ የጧፍና የዕጣን ጢስ ያጠቈረውን ጥንታዊ ሥዕል ለማስዋብ ብሎ በውኃና በሳሙና የሚያጥብ ሰው ልባሱን ያላቅቃል፤ ቀለሙንም ያረግፋል። በላዩ አዲስ ቀለም የሚደርብም የአባቶችን ትምህርት ይሸፍናል። የታተመ የወረቀት ሥዕል ለጸሎት ያገለግላል፤ ነገር ግን እርሱ ተገኘ ተብሎ አሮጌው ገበታ ወደ ዕቃ ቤት ሊጣል፣ ይልቁንም ለነጋዴ ሊሸጥ አይገባም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቅርስን ያለ ፈቃድ ከሀገር ማውጣትን ከልክሏል።

ስለዚህ እንዲህ እንመክራለን፤ ሥዕሉን ከእርጥበትና ከጧፍ ነበልባል አርቃችሁ አኑሩት፤ በንብረት መዝገብ ጻፉት፤ ቢጎዳም እጃችሁን ሳታሳርፉበት ለደብሩ አስተዳዳሪና ለቅርስ ባለሙያ አስታውቁ። ኃጥእ ነኝ ብሎ የሣለው አባት የሰጠንን አደራ ለልጆቻችን ሳናጎድል ልናስረክብ ይገባናልና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።