የአውሮፕላን ጉልበትና ጭነት

አህያውን ከአቅሙ በላይ የጫነ ሰው ዳገት ሥር ይቀራል። አውሮፕላንም እንዲሁ ነው። ልዩነቱ፣ አህያ ሲደክመው ይቆማል፤ አውሮፕላን ግን ሰማይ ላይ ቆሞ እስቲ ልረፍ አይልም። ስለዚህ የትንሽ አውሮፕላን ጉልበትና ጭነት እንዴት እንደሚሻሻል በዚህ ትምህርት እንመለከታለን።

ምሳሌያችን እሸት የተባለው የእርሻ አውሮፕላን ነው። እሸትን በ1970ዎቹ መጨረሻ አዲስ አበባ ላይ የገጣጠመው የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነው። መሠረቱ አግ-ካት የሚባል የአሜሪካ ሥሪት ሲሆን፣ ሥራው ዝቅ ብሎ እየበረረ በሰብል ላይ የተባይ መድኃኒት መርጨት ነው። አግ-ካት መጀመሪያ የበረረው በ1949 ዓ.ም. ነው። የመጀመሪያዎቹ ሞተራቸው 220 የፈረስ ጉልበት ብቻ ነበር። በኋላ 600 ደረሰ። እሸት ደግሞ ፒስተኑን ትቶ በተርባይን ሞተር ተሠራ።

ይህ ሁሉ ጉልበት ለምን አስፈለገ? የባሌን ደጋ እንውሰድ። ሮቤ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነች። እዚያ አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በአምስት አንድ እጅ ያህል የሳሳ ነው። አየር ሲሳሳ ሞተሩ የሚተነፍሰው፣ ፕሮፔለሩ የሚገፋው፣ ክንፉም የሚደገፍበት ያንሳል። አውሮፕላኑ ለመነሳት ረጅም መንገድ ይንደረደራል። ቀትር ላይ ሙቀት ሲጨመርበት ይብስበታል። ከጎባ ወደ አንገቱ ለመሻገር ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነው የሰነቴ አምባ ፊት ለፊት ይጠብቃል።

ታዲያ ምን ይሻሻላል?

አንደኛ፣ ሞተሩ። ተርባይን እኩል ጉልበት ካለው ፒስተን ሞተር ጋር ሲመዘን ክብደቱ ከግማሽ ያንሳል። ነዳጅ ግን አብዝቶ ይጠጣል።

ሁለተኛ፣ ክንፉ። አግ-ካት ክንፉ ድርብ ነው። በተሻሻለው ዓይነት የላይኛው ክንፍ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ተደረገ። አብራሪው በደንብ እንዲያይ፣ ክንፉም በተሻለ እንዲያነሳ ረዳ።

ሦስተኛ፣ ሚዛኑ። ሞተሩ ሲቀል አውሮፕላኑ ወደ ኋላ ያጋድላል። ስለዚህ ቀላሉ ሞተር ወደ ፊት ርቆ ይታሰራል። የተርባይኑ አውሮፕላን አፍንጫው የረዘመው ለዚህ ነው።

አሁን ሒሳብ እንሥራ። የመድኃኒቱ ታንክ 1,500 ሊትር ይይዛል። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ስለሆነ፣ 15 ኩንታል ማለት ነው። እንበልና አውሮፕላኑ ሲነሳ ከ32 ኩንታል መብለጥ የለበትም። ባዶው 16፣ ነዳጁ 2፣ አብራሪው 1 ኩንታል ነው። ድምሩ 19 ሆነ። ለመድኃኒቱ የቀረው 13 ኩንታል ብቻ ነው። ታንኩ 15 ስለሚይዝ 15 እንሙላው ያለ ሰው፣ ሁለቱን ኩንታል የጫነው በአብራሪው ነፍስ ላይ ነው። በሮቤ ቀትር ደግሞ ከ13ቱም ይቀነሳል።

እንግዲህ ሞተር መለወጥ ብቻውን ማሻሻል አይባልም። ጉልበት፣ ክንፍና ሚዛን አብረው መሄድ አለባቸው። ከሁሉ በላይ የተጻፈው ወሰን መነበብ አለበት። መድኃኒት የሚቀዳው ሠራተኛ ሰንጠረዡን አንብቦ ሊትሩን ከቆጠረ፣ ስንዴው ከተባይ፣ አብራሪውም ከአደጋ ይድናል።

ጥያቄ
1. ነዳጁ 3 ኩንታል ቢሆን ስንት ሊትር መድኃኒት እንጭናለን?
2. አውሮፕላን ሮቤ ላይ ከቆላ ይልቅ ረጅም መንገድ የሚንደረደረው ለምንድን ነው?