የትል ሣጥን ለጓሮ አትክልት

መሬት እንደ ሰው ትራባለች። ጎመኑ፣ ቃሪያው፣ ድንቹና ሽንኩርቱ ሲያድጉ ከመሬት ምግብ ይወስዳሉ። እኛ ምርቱን ለቅመን እንበላለን። ለመሬት ግን ምን እንመልሳለን? ከጎተራ እየዛቀ ምንም የማይመልስ ሰው አንድ ቀን ጎተራው ባዶ ይሆንበታል። የመሬትም ነገር እንዲሁ ነው።

ዱሮ የከብቱ እበት ተጠርጎ ወደ ጓሮ ይጣል ነበር። ደኑ ከተመናመነ ወዲህ ግን ማገዶ ጠፋ። ስለዚህ በብዙ ቦታ እበቱ ይጠፈጠፋል፤ ኩበት ሆኖም ይነዳል። እበት ሲነድ በውስጡ ያለው ናይትሮጅን ከጭሱ ጋር በኖ ይሄዳል። ናይትሮጅን ማለት ቅጠልን የሚያለመልም የተክል ምግብ ነው። የመሬት ድርሻ በምድጃ ውስጥ ቀረ ማለት ነው።

ማዳበሪያ እንግዛ ብንል ደግሞ ገንዘብ ይጠይቃል። ዋጋውም የሚወጣው በሩቅ አገር ገበያ ነው። በ2014 ዓ.ም. በዓለም ገበያ የማዳበሪያ ዋጋ በጣም ንሮ ነበር። ያን ጊዜ የገዛ ገበሬ ነገሩን ያውቀዋል።

ታዲያ ምን ይሻላል? ‹‹እበቱን አታንድዱ›› ብሎ መናገር ቀላል ነው። ማገዶ የሌላት እናት ግን ወጡን በምን ትሥራ? ስለዚህ በዚህ ትምህርት ሌላ መንገድ እንማራለን። በየቤቱ የሚጣል ነገር አለ። የድንች ልጣጭ፣ የጎመን ግንድ፣ የቡና አተላ፣ የሙዝ ልጣጭ፣ ብስባሽ ጭድ በየቀኑ ይጣላል። ይህን ሁሉ ወደ ተክል ምግብ የሚለውጥ አንድ ሠራተኛ አለ። ደመወዝ አይጠይቅም፤ ሌሊትም ቀንም ይሠራል። እሱም የምድር ትል ነው።

ሀ. የምድር ትል ምን ዓይነት ፍጥረት ነው?

አንዳንድ ሰው ይህን ሲሰማ፣ ‹‹ኧረ በእግዚአብሔር! ትል እቤት ውስጥ?›› ይላል። አይፈረድበትም። ወስፋትም ትል ይባላልና። ነገር ግን የምድር ትል ሌላ ነው፤ ወስፋትም ሌላ ነው። ወስፋት በሰው አንጀት ውስጥ ይኖራል፤ በሽታም ያመጣል። የምድር ትል ግን በሰው ሆድ ውስጥ አይኖርም። አይናከስም። ምግቡ የበሰበሰ ቅጠልና እበት ነው።

የምድር ትል ዓይን የለውም። ብርሃን ግን በቆዳው ያውቃል፤ ይሸሻልም። ሳንባም የለውም፤ የሚተነፍሰው በቆዳው ነው። ቆዳው ከደረቀ ይሞታል። ውኃ ካጥለቀለቀውም አየር አጥቶ ይሞታል። ጥርስም የለውም። ከምግቡ ጋር ጥቃቅን አሸዋ ይውጣል፤ ምግቡም በሆዱ ውስጥ ከአሸዋው ጋር እየታሸ ይፈጫል። ተፈጭቶ የሚወጣው ኩስ ለተክል የተዘጋጀ ምግብ ነው።

ቻርልስ ዳርዊን የተባለ የእንግሊዝ አገር ተመራማሪ ነበር። ይህ ሰው አፈር በሞሉ ማሰሮዎች ውስጥ ትሎችን በቤቱ አስቀምጦ ጠባያቸውን አጠና። ያገኘውንም በ1881 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አወጣ። በብዙ የእንግሊዝ አገር ቦታዎች ትሎች በዓመት ምን ያህል አፈር በሆዳቸው አሳልፈው ወደ ላይ እንደሚያወጡም ገመተ። ግምቱ በእኛ ስፍር ሲሰላ በሩብ ሄክታር ከ60 ኩንታል በላይ ይሆናል። ትንሽ ፍጥረት ናት፤ ሥራዋ ግን ትልቅ ነው። ‹‹ድር ቢያብር አንበሳ ያስር›› የተባለው እውነት ነው።

ትል ሁሉ ግን ለሣጥን አይሆንም። አፈር ውስጥ ጠልቆ የሚኖረው ትል ሣጥን አይስማማውም። ለሣጥን የሚሆነው ከላይ ከላይ የሚኖረው ቀጭኑ ቀይ ትል ነው። እንዲህ ያለው ትል እርጥበት ባለው አሮጌ የእበት ክምር ሥር ይገኛል። የተሻለው ግን የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ መጠየቅ ነው። ለመጀመሪያ ግማሽ ኪሎ ትል ይበቃል። በቁጥር 1,000 ያህል ይሆናል።

ለ. ሣጥኑን እንዴት እንሠራለን?

1. ያልተቀባ አሮጌ ጣውላ ፈልጉ። ርዝመቱ ሁለት ክንድ፣ ወርዱ አንድ ክንድ፣ ጥልቀቱ አንድ ስንዝር ተኩል የሆነ ሣጥን ምቱ። ጣውላ ከሌለ የተሰነጠቀ ሳፋ ወይም ጎኑ የተቀደደ ጀሪካን ይሆናል። ጀሪካኑ ግን ቀድሞ የፀረ ተባይ መድኃኒት የተያዘበት እንዳይሆን ተጠንቀቁ።

2. ከሥሩ ትንንሽ ቀዳዳዎች ብሱ። ውኃ የሚወርደው፣ አየርም የሚገባው በዚያ ነው።

3. ሣጥኑን በአራት እግር ላይ አቁሙ። እያንዳንዱን እግር ውኃ በያዘ ቆርቆሮ ውስጥ አስገቡ። ጉንዳን ውኃውን አይሻገርም።

4. ቦታው ጥላ ይሁን። የቤቱ ጥግ ወይም የጎተራው ሥር ጥሩ ነው። ከምድጃ ግን ይራቅ። ትሉ ብዙ ሙቀትም ብዙ ብርድም አይወድም። የደጋ ሌሊት ስለሚበርድ ሣጥኑ ቤት ውስጥ ቢያድር ይሻላል።

5. አሁን ፍራሹን አንጥፉ። የጤፍ ጭድ፣ ደረቅ ቅጠልና የተቀዳደደ ካርቶን በውኃ አርሱና እስከ ግማሹ ሙሉት። ሁለት ጭብጥ አፈር ጨምሩበት። በእጅ ጨመቅ ስታደርጉት አንድ ሁለት ጠብታ ከወጣ እርጥበቱ ልክ ነው። ቱር ብሎ ከወረደ በዝቷል።

6. ትሎቹን ከላይ አድርጉ። ብርሃን ስለማይወዱ ራሳቸው ወደ ውስጥ ይገባሉ።

7. ላዩን በእርጥብ ጆንያ ሸፍኑ። ዶሮ፣ አይጥና እንቁራሪት የትል ጠላቶች ናቸው። ስለዚህ በጆንያው ላይ ክዳን ጨምሩበት።

ሐ. ትሎቹ ምን ይበላሉ?

የሚሰጣቸው፦ የአትክልት ልጣጭ፣ የጎመን ቅጠልና ግንድ፣ የቡና አተላ፣ የሙዝ ልጣጭ፣ ተወቅጦ የላመ የእንቁላል ቅርፊት ነው። እበት ከተገኘም ሁለት ሦስት ሳምንት የሰነበተ ይሁን። ትኩስ እበት ሲብላላ ይግላል፤ ትሎቹንም ይገድላል።

የማይሰጣቸው፦ የወጥ ትርፍራፊ አትስጧቸው። በወጥ ውስጥ ጨው፣ በርበሬና ዘይት አለ፤ ቆዳቸውን ያቃጥላል። ሥጋ ይገማል፤ አይጥም ይጠራል። ሎሚና ብዙ ሽንኩርት አይስማማቸውም። የባሕር ዛፍ ቅጠልም አይሆንም። የሰው ዓይነ ምድር ፈጽሞ አይገባም፤ የበሽታ መንገድ ነውና።

ምግቡን ከትፋችሁ ከፍራሹ ሥር ቅበሩት። ላዩ ላይ ከተተወ ዝንብ ያመጣል። የፊተኛው ሳያልቅ ሌላ አትጨምሩ። ሣጥኑን ከነካችሁ በኋላም እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

መ. ችግር ሲመጣ

ሣጥኑ ቢሸት፦ ምግብ በዝቷል፤ ወይም ውኃ በዝቷል። ምግብ መስጠት አቁሙ። ደረቅ ጭድ ጨምራችሁ በቀስታ ገልብጡት።

ትሎቹ በሣጥኑ ግድግዳ ላይ ቢወጡ፦ ቤታቸው አልተመቻቸውም ማለት ነው። ጨው ወይም የጎመዘዘ ነገር ገብቶ እንደሆነ ፈልጋችሁ አውጡ።

ፍራሹ ቢደርቅ፦ ውኃ በእጃችሁ ርጩ። በሳሙና የታጠበበት ውኃ ግን አይሁን።

ሠ. መቼ እንሰበስባለን?

ከሦስት ወር ገደማ በኋላ ፍራሹ ጠቁሮ ይፈረፈራል። ሽታው ዝናብ እንደ ነካው አፈር ነው። ያን ጊዜ ብስባሹን ወደ አንድ ወገን ግፉት። በባዶው ወገን አዲስ ፍራሽና አዲስ ምግብ አድርጉ። ትሎቹ በሁለት በሦስት ሳምንት ውስጥ ወደ ምግቡ ይሻገራሉ። የበሰለውንም ትዝቃላችሁ።

ለጎመን ወይም ለቃሪያ በእያንዳንዱ ተክል ሥር ሁለት ጭብጥ አድርጋችሁ አፈር አልብሱት። ጓሮ የሌለው ሰውም አትክልት አይቅርበት። ሦስት እጅ አፈርና አንድ እጅ የትል ብስባሽ ቀላቅሎ በጆንያ ወይም ከሥሩ በተበሳ ጀሪካን ይሙላ። በደጃፉ ወይም በመስኮቱ አጠገብ፣ ፀሐይ ቢያንስ ግማሽ ቀን በሚያገኝበት ቦታ ያስቀምጠው። ቆስጣ፣ ሰላጣና በሶብላ በዚያ ያምራሉ።

እስቲ እናስላ። ግማሽ ኪሎ ትል በቀን ሩብ ኪሎ ያህል ይበላል። በ90 ቀን 22 ኪሎ ተኩል ይሆናል። ሲበስል ክብደቱ በግማሽ ያህል ስለሚቀንስ 11 ኪሎ ገደማ ይቀራል። ጭዱ አልተቆጠረም። ለአንድ ተክል 200 ግራም ብንሰጥ ለ50 እግር ጎመን ይበቃል። ለአንድ ቤተሰብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ነገር ግን እውነቱን እንነጋገር። አንድ ሣጥን ለስንዴው ማሳ አይበቃም። ‹‹ሣጥን ሠርቻለሁ፤ ከእንግዲህ ማዳበሪያ አልገዛም›› ያለ ገበሬ ይጎዳል። ሣጥኑ የጓሮ አጋዥ ነው። ማሳውን ለመርዳት ብዙ ሣጥን፣ ብዙ ብስባሽና ብዙ ሥራ ያስፈልጋል።

ረ. ሌሎች የቤት ማዳበሪያዎች

አመድ፦ የእንጨት አመድ ፖታሲየምና ካልሲየም አለው። የአፈርን ኮምጣጣነትም ይቀንሳል። በጎጃምና በወለጋ ደጋዎች ኮምጣጣ አፈር ብዙ ነው። በቀጭኑ ነስንሱት፤ ማብዛት ይጎዳል። ከእበትና ከሽንት ጋር ግን አትቀላቅሉት። ናይትሮጅኑን አስበንኖ ያጠፋዋል።

አጥንት፦ አጥንት ፎስፈረስ አለው። ፎስፈረስ ሥርን ያጠነክራል። በእሳት አቃጥላችሁ ከወቀጣችሁ በኋላ ከአፈሩ ጋር ደባልቁት።

የከብት ሽንት፦ ናይትሮጅን አለው። አንድ ጣሳ ሽንት ከ10 ጣሳ ውኃ ጋር ቀላቅላችሁ በተክሉ ሥር አፍስሱ። በቅጠሉ ላይ አታፍስሱ፤ ሳይበረዝ ከሆነም ተክሉን ያቃጥለዋል።

ማጠቃለያ

ትሎቹ ከተመቻቸው በሁለትና በሦስት ወር ውስጥ በእጥፍ ሊበዙ ይችላሉ። የተረፈውን ትል ለጎረቤት ስጡ። እርሾ ከጎረቤት እንደምንበደር ሁሉ ትልም ከቤት ወደ ቤት ይሻገር። የአንድ ሰው ሣጥን 50 እግር ጎመን ያለማል። የ20 ሰው ሣጥን ግን 1,000 እግር ጎመን ያለማል። ልጆችም በበጋ ከነጭ እንጀራና ከሽሮ ሌላ አረንጓዴ ነገር በሞሰባቸው ላይ ያገኛሉ።

ጥያቄዎች

1. እበት ሲነድ ከመሬት ምን ይቀርባታል?
2. የምድር ትልና ወስፋት በምን ይለያያሉ?
3. የወጥ ትርፍራፊ ለትሎች የማይሰጠው ለምንድን ነው?
4. አመድን ከሽንት ጋር ብንቀላቅል ምን ይሆናል?
5. አንድ ኪሎ ትል በቀን ግማሽ ኪሎ ቢበላ፣ በ60 ቀን ስንት ኪሎ ይበላል?
6. በቤታችሁ በአንድ ቀን የሚጣለውን ልጣጭና አተላ መዝኑ። ስንት እንደሆነ በደብተራችሁ ጻፉ።