የራስ መከላከያው የማይደርስበት

ስፓሪንግ (የልምምድ ፍልሚያ) የሚጀምር ሰው አስቀድሞ የሚገዛው የራስ መከላከያ ነው፤ ጭንቅላት ከዳነ የቀረው ዕዳው ገብስ ነው ብሎ። መከላከያው ግን በዋናነት የሚያድነው ቆዳን ነው፤ ቅንድብ እንዳይሰነጠቅ፣ ግንባርና ግንባር ሲላተም እንዳይፈነከት። አንጎል የሚጎዳበት መንገድ ሌላ ነው። አገጭ ላይ ከጎን ያረፈ ቡጢ ጭንቅላትን በድንገት ያዞራል፤ በፈሳሽ ተከቦ የተቀመጠው አንጎል እኩል ስለማይዞር ይጎተታል፣ ይጠመዘዛል። ስፖንጁ ምቱን ቢያለዝብም ይህን ሽክርክሪት አያስቀርም። እንዲያውም ጭንቅላትን ስለሚያገዝፍ ለጥቂት ይስት የነበረውን ቡጢ ያስተናግዳል፤ የጎን እይታንም ይጋርዳል። ከ1984 እ.ኤ.አ. የሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ ጀምሮ ግዴታ የነበረው ይህ ዕቃ በ2016ቱ ሪዮ ከወንዶች ቦክሰኞች ራስ ላይ ወርዷል። ውሳኔው ዛሬም ያከራክራል።

ታዲያ እንጣለው? አይደለም። መከላከያው ከወረደ ወዲህ የፊት መሰንጠቅ በዝቷል፤ የተሰነጠቀ ቅንድብ ደግሞ ሰልጣኝን ለሳምንታት ከልምምድ ያስቀራል። የጥርስ መከላከያና የብልት መከላከያ ክርክር አያስነሡም፤ እርግጫ በሚፈቀድበት ስፖርት የቅልጥም መከላከያም ረጋጩንና የሚረገጠውን እኩል ይጠቅማል። ጓንት ግን ተንኮለኛ ነው። ለስፓሪንግ የተለመደው ባለ 16 አውንስ ጓንት ምቱን ያለዝባል፤ ይሁንና ከሁሉ በፊት የሚጠብቀው የመቺውን እጅ ነው። ባዶ እጅ የራስ ቅል ላይ ሲያርፍ ሊሰበር ይችላልና መቺው ራሱን ይቆጥባል፤ እጁ ሲታሸግ ቁጥብነቱ ይጠፋል።

ስለዚህ አንጎልን የሚጠብቀው ከዙሩ በፊት ስለ ምት ኃይል የሚደረግ ስምምነት ነው። «በልምምድ ያልተመታ ሪንግ ውስጥ ይደነግጣል» የሚሉ አሰልጣኞች አሉ፤ ነጥባቸው ባዶ አይደለም፤ ሰው ጫናን መልመድ አለበት። ጫና ግን ከፍጥነት፣ ከርቀትና ከማታለል ጭምር ይመጣል። አዘውትረው የሚፋለሙት የታይላንድ የሙዋይ ታይ ተፋላሚዎች እርስ በርስ ሲለማመዱ ብዙውን ጊዜ ምታቸውን ያቀላሉ፤ ጠንካራውን ምት ለፓድና ለከረጢት ያስቀምጡታል። ሪንግ ሲገቡ የሚደነግጡ ግን አይመስሉም።

ስምምነት ብቻ ግን አይበቃም፤ ያረፈውን ምት የሚቆጥርም ያስፈልጋል። በቆየው የአማተር ቦክስ ሕግ ጭንቅላቱን ተመትቶ የተዘረረ ተወዳዳሪ ቢያንስ 30 ቀን ይታገዳል፤ በ3 ወር ውስጥ ከተደገመ 90 ቀን ይሆናል። በውድድር ዳኛና ሐኪም ይቆጥራሉ። በጂም ውስጥ ቆጣሪ የለም፤ ራሱን ያዞረው ልጅ ውኃ ጠጥቶ ለቀጣዩ ዙር ይመለሳል። አሰልጣኙ ማን፣ መቼ፣ ምን ዓይነት ምት እንዳረፈበት የሚጽፍበት ደብተር ከአዲስ የራስ መከላከያ በብዙ ይረክሳል።