ትራክተር ሲጎትት

ትራክተር ለማረስ ብቻ አይደለም፤ ይጎትታልም። ክረምት ሲገባ እህል የጫነ የጭነት መኪና ዋልካ መሬት ላይ ይሰምጣል። ያኔ በአካባቢው ትራክተር ካለ ይጠራል። ሰንሰለት ይመጣል። ሰው ይሰበሰባል። ልጆች ከሁሉ ቀድመው ይደርሳሉ። በዚህ ትምህርት የምንነጋገረው ስለዚህ ጉተታ ነው። ጉተታ ሰው ይገድላል። እንዴት እንደሚገድል ግን በደንብ የታወቀ ነው።

በአሜሪካ አገር የጉተታ ውድድር አለ። ይህን ስታነቡ ትስቁ ይሆናል፤ እኛም መጀመሪያ ስንሰማ ስቀናል። ነገሩ ግን እንግዳ አይደለም። የዚያ አገር ገበሬዎች ዱሮ በፈረስ ያርሱ ነበር። የማን ፈረስ ይበረታል እያሉ ከባድ ነገር በማስጎተት ይፎካከሩ ነበር። «የኔ በሬ ካንተ በሬ ይበልጣል» የማይል ገበሬ የት አለ? ፈረሱ በትራክተር ሲተካ ፉክክሩም ወደ ትራክተር ዞረ። የጭነት መኪናም ይወዳደራል። ኦሃዮ በሚባለው ክፍለ ግዛት፣ ቦውሊንግ ግሪን በምትባል ከተማ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1967 የተጀመረው ትልቅ ውድድር ዛሬም አለ።

ውድድሩ እንዲህ ነው። ከትራክተሩ ኋላ አንድ ከባድ ጋሪ ይታሰራል። የጋሪው ፊት መሬት ለመሬት የሚንሸራተት ብረት ነው። በጋሪው ላይ ክብደት ያለበት ሣጥን አለ። ጋሪው በተጎተተ መጠን ሣጥኑ ወደ ፊት እየሄደ ብረቱን ወደ መሬት ይጫነዋል። ስለዚህ ሲነሣ ቀላል የነበረው ጭነት እየከበደ ይሄዳል። 300 ጫማ፣ ማለትም 91 ሜትር ያህል የጎተተ ነጂ ይጨበጨብለታል።

ዱሮ ሣጥን አልነበረም። ሰዎች በመንገዱ ዳር ተራርቀው ይቆሙና ጋሪው አጠገባቸው ሲደርስ ይወጡበት ነበር። ክብደቱ የሰው ሥጋ ነበር ማለት ነው። እግሩ የተንሸራተተ ሰው የት እንደሚወድቅ አስቡት። ደንቡም በየቦታው የተለያየ ነበር። በ1969 ከስምንት ክፍለ ግዛቶች የመጡ ሰዎች ተሰብስበው የትራክተር ጎታቾች ብሔራዊ ማኅበር አቋቋሙ። አንድ ዓይነት ደንብም አወጡ። የእነሱ ውድድር ለእኛ ምንም አያደርግልንም። ደንባቸው ግን ይጠቅመናል።

በብዙዎቹ የውድድር ክፍሎች የማሰሪያው ከፍታ ይለካል። ከመሬት ከ20 ኢንች፣ ማለትም ከ51 ሳንቲ ሜትር ያህል መብለጥ የለበትም። ለምን? መልሱን ከበሬ እንጀምር።

በሬ ሲያርስ ማረሻው ሥር ቢይዘው ይቆማል። ዞር ብሎም ያያል። ትራክተር ግን አይሰማውም። ሞተሩ የኋላውን ጎማ ያዞራል። ጎማው ተይዞ መዞር ካቃተው የሞተሩ ኃይል ዝም ብሎ አይቀርም፤ የትራክተሩን አካል ራሱን በጎማው ዘንግ ዙሪያ ያዞረዋል። የፊቱ ጎማ ከመሬት ይነሣል። ሰንሰለቱ ከፍ ብሎ ታስሮ ከሆነ ደግሞ ጭነቱ ወደ ኋላ እየሳበ ያግዘዋል። በአንድ ሰከንድ ተኩል ያህል ጊዜ ውስጥ ትራክተሩ ወደ ኋላ ተገልብጦ ነጂው ላይ ሊወድቅ ይችላል። ፍሪሲዮን ረግጦ ለመዳን ያለው ጊዜ ከአንድ ሰከንድ በታች ነው። ጎበዝ ነጂም አይደርስበትም።

ስለዚህ ሰንሰለት የሚታሰረው ከኋላ ዝቅ ብሎ ባለው የመጎተቻ ብረት ላይ ብቻ ነው። በመቀመጫው ሥር አይታሰርም። በጎማው ዘንግ ላይ አይታሰርም። ማረሻ በሚያነሣው የላይኛው ክንድ ላይም አይታሰርም።

ሌላም ነገር አለ። ትራክተሩ ራሱ ሲሰምጥ ግንድ አምጥቶ ከኋላው ጎማ ፊት የሚሸጉጥ ሰው ይኖራል። ግንዱን ከጎማው ጋር በሰንሰለት የሚያስረውም አለ። ይህ ጎማውን ጠፍንጎ መያዝ ነው። ጎማው ተያዘ ማለት ደግሞ አካሉ ይዞራል ማለት ነው። በፍጹም አታድርጉት። ጭቃውን ቆፍሩና በኋላ ማርሽ ይውጣ። እምቢ ካለ ሌላ ትራክተር ይጠራ፤ ሰዓት ቢፈጅም ይፍጅ።

ተወዳዳሪዎቹ ትራክተሮች እንዳይገለበጡ ከኋላቸው የሚደግፍ ብረት አላቸው። ትራክተሩ ከጋሪው ቢላቀቅ ሞተሩን ወዲያው የሚያጠፋ ማጥፊያም አላቸው። የእርሻ ትራክተር እነዚህ የሉትም። ከነጂው ራስ በላይ የሚቆም የብረት መከላከያ ግን ሊኖረው ይችላል። የስዊድን መንግሥት በ1959 በአዲስ ትራክተሮች ሁሉ ላይ ይህ መከላከያ እንዲኖር በሕግ አዘዘ። ከዚያ በኋላ በመገልበጥ የሚሞተው ሰው ቁጥር በጣም ቀነሰ። መከላከያው ያለበት ትራክተር ላይ ነጂው ቀበቶውን ይታጠቅ። መከላከያ ከሌለው ግን ቀበቶ አይታጠቅ፤ ዘሎ የማምለጥ ዕድል ያሳጣዋል።

አሁን ወደ ሰንሰለቱና ወደ ገመዱ እንምጣ። የናይለን ገመድ ሲወጠር ይለጠጣል። ሲበጠስ እንደ ጅራፍ ይመለሳል። ጫፉ ላይ ያለውን ብረት እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ይወረውረዋል። የሽቦ ገመድና ሰንሰለትም ሰው ይመታሉ። ማሰሪያው በዝግታ ይወጠር። ተንደርድሮ መሳብ ክልክል ነው። እርጥብ ጆንያ ወይም ከባድ ብርድ ልብስ በመካከሉ ብትጥሉበት ሲበጠስ ኃይሉን ይቀንሰዋል። ደረጃው ያልታወቀ፣ የዛገ ወይም የተቀጠለ ሰንሰለት ቤት ይቅር።

በውድድሩ ላይ ነጂው የሚያየው ባንዲራ የያዙትን ሰዎች ነው፤ አረንጓዴ ሲያዩ ይሄዳሉ፣ ቀይ ሲያዩ ያቆማሉ። በእኛ ጭቃ ውስጥ ግን ሁሉም አለቃ ነው። አንዱ «ሂድ!» ይላል፣ አንዱ «ቁም!» ይላል፣ የመኪናው ረዳት ያፏጫል፣ ባለ እህሉ ዝናብ ሊመጣ ነው ቶሎ በሉ ይላል። ነጂው የማንን ይስማ? አንድ ሰው ይመረጥ። ነጂው በሚያየው ቦታ ርቆ ይቁምና በእጁ ምልክት ይስጥ። ሌላው ዝም ይበል።

ከሁሉ የሚከብደው፣ እንደኛ አስተያየት፣ ሰውን ማራቅ ነው። የሰመጠ መኪና ማየት ማን ይጠላል! ማሰሪያውን መሻገር፣ በመካከል ቆሞ ማየት፣ መኪናውን ከኋላ መግፋት፣ ልጅን በትራክተሩ የጎማ ክዳን ላይ ማስቀመጥ ሁሉም የተለመደ ነው። አንድ የሚፈራና የሚከበር ሽማግሌ ለዚህ ሥራ ብቻ ይመደብ። ሥራው ልጆቹን ማራቅ ነው። ገመዱ ከመወጠሩ በፊት ይጀምር፤ እስኪላላም አይተው።

መልመጃ። ተመልካች ቢያንስ የማሰሪያውን ርዝመት አንድ ጊዜ ተኩል ያህል መራቅ አለበት። ማሰሪያው 8 ሜትር ቢሆን ስንት ሜትር ይርቃል? ሒሳቡን በደብተራችሁ ሥሩ። ከዚያ ወደ ውጭ ውጡና በሰፊ እርምጃ ለኩት፤ አንዱን እርምጃ 1 ሜትር አድርጋችሁ ቁጠሩት። ባለፈው ክረምት መኪና ሲጎተት አይታችሁ ከሆነ፣ በዚያ ክልል ውስጥ ማን ማን ቆሞ እንደነበር አስታውሱና ለጎረቤታችሁ ንገሩት።