ውኃና ንግድ፤ ከእንሴኖ የበርበሬ ገበያ በመነሣት ለነጋዴዎች የቀረበ ትምህርት

የማረቆ በርበሬ ለመግዛት ወደ እንሴኖ ገበያ የሚወርድ ነጋዴ የዋጋውን ሒሳብ በሚያዘጋጅበት ጊዜ የጆንያውን፣ የተሸካሚውን፣ የመኪናውንና የግብሩን ወጪ አንድ በአንድ ይመዘግባል። የውኃውን ወጪ ግን አይመዘግብም። ምክንያቱም ውኃ ከሰማይ የሚወርድ፣ ከምድር የሚፈልቅ፣ ባለቤትም ዋጋም የሌለው ነገር ሆኖ ስለሚታየው ነው። ነገር ግን ዝናቡ በዘገየበት ዓመት የበርበሬው ዋጋ ሲንር፣ ደረቁ ዛላ ሲያንስና ሲቀጭጭ፣ ከውጭ አገር ገዢ ጋር የተዋዋለውም ላኪ የሚያስረክበው ዕቃ ሲያጣ፣ ያልተመዘገበው ወጪ በአንድ ጊዜ ተደምሮ ይመጣል። ስለዚህ የውኃ ጉዳይ የገበሬውና የመሐንዲሱ ብቻ ሳይሆን የነጋዴውም ጉዳይ መሆኑን በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት እንሞክራለን።

፩. ውኃው ከየት መጥቶ ወዴት ይሄዳል?

የጉራጌ ተራሮች ውኃን ለሦስት አቅጣጫ የሚያካፍሉ ናቸው። በምዕራብ በኩል የሚወርደው በዋቤ ወንዝ አድርጎ ወደ ጊቤና ወደ ኦሞ ይገባል፤ በሰሜን በኩል ያለው ወደ አዋሽ ይሄዳል፤ በምሥራቅ በኩል ያለው ደግሞ በመቂ ወንዝ አማካይነት ወደ ዝዋይ፣ ማለትም ወደ ደምበል ሐይቅ ይፈስሳል። ከቡታጅራ ወደ ስምጥ ሸለቆው ሲወረድ የምትገኘው እንሴኖ በዚህ በሦስተኛው ወገን ናት።

ይህ ወገን ከሌሎቹ የሚለይበት አንድ ታላቅ ምክንያት አለ። ይኸውም ውኃው ወደ ባሕር መውጫ የሌለው መሆኑ ነው። ደምበል ሲሞላ በቡልቡላ ወንዝ ወደ አቢያታ ሐይቅ ይፈስሳል፤ ከአቢያታ ወዲያ ግን መንገድ የለም። ከዚህ የተነሣ በላይኛው አገር በመስኖና በፓምፕ የተወሰደ እያንዳንዱ በርሜል በታችኛው ሐይቅ ላይ ጉድለት ሆኖ ይታያል። የአቢያታ ሐይቅ ባለፉት ዐሥርተ ዓመታት እጅግ እየሸሸ መምጣቱም የዚሁ ምስክር ነው። ይህን የመሰለ የተዘጋ ተፋሰስ በነጋዴ ቋንቋ ሲነገር፣ ገቢው በዝናብ ብቻ የሚወሰን፣ ብድር የሚሰጠው ባንክ የሌለው ሱቅ ማለት ነው።

፪. በአንድ ከተማ ላይ የደረሰ ኪሳራ

ይህ ፍርሃት ባዶ አለመሆኑን የሐረማያ ሐይቅ ታሪክ ያስረዳል። ይህ ሐይቅ ለሐረር ከተማ የመጠጥ ውኃ ይሰጥ ነበር። በዙሪያውም ጫት፣ ድንችና ሌላም አትክልት በመስኖ እየለማ ወደ ገበያ ይወጣ ነበር። ንግዱ ሲስፋፋ የፓምፑ ቍጥር ጨመረ፤ ከተራቈቱት ኮረብቶች የሚወርደው ደለል የሐይቁን ወለል ሞላው፤ ከተሞቹም የሚቀዱት ውኃ በዛ። በመጨረሻም በ1990ዎቹ ዓመታት አጋማሽ ሐይቁ ደረቀ። ሐረርም ከድሬዳዋ አቅጣጫ፣ ከሩቅና ከዝቅተኛ ስፍራ በፓምፕ ኀይል ሽቅብ የሚገፋ የጉድጓድ ውኃ ለማስመጣት ተገደደች። በቅርብ ዓመታት ውኃው በከፊል ተመልሶአል፤ ቢሆንም በነዚያ በደረቁት ዓመታት ከተማይቱ የከፈለችው አልተመለሰላትም።

ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ይህ ነው፤ ሐይቁን ያደረቀው አንድ ክፉ ሰው አይደለም። እያንዳንዱ ለራሱ ትርፍ በቅን ልብ ይሠራ ነበር። የጎደለው የጋራውን ሒሳብ የሚይዝ ሰው ነበር።

፫. ዓለም ያገኛቸው ዘዴዎች

በምድር ላይ ካለው ውኃ 97.5 ከመቶ የሚሆነው ጨዋማ ነው። ከቀረው 2.5 ከመቶ ውስጥም ከሁለት ሦስተኛ የሚበልጠው በረዶ ሆኖ የተቀመጠ ነው። የሰው ልጅ ከወንዝ፣ ከሐይቅና ከጉድጓድ ከሚወስደው ውኃ ደግሞ 70 ከመቶ ያህሉ ለእርሻ ይውላል። እጥረት የጠናባቸው አገሮች በአራት ዓይነት ዘዴ ሲታገሉ እናያለን።

አንደኛው የተጠቀሙበትን ውኃ አጣርቶ መመለስ ነው። በዚህ ረገድ ቀዳሚዋ አፍሪካዊት ከተማ መሆኗ ሊያኮራን ይገባል። የናሚቢያ ዋና ከተማ ዊንድሁክ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1968 ጀምሮ የፍሳሽ ውኃን አጣርታ ለመጠጥ ታውላለች።

ሁለተኛው ምንጭን ማብዛት ነው። ሲንጋፖር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1961 እና በ1962 በተደረጉ ውሎች ከጎረቤቷ ውኃ ትገዛ ነበር። የመጀመሪያው ውል በ2011 አብቅቶአል፤ ሁለተኛውም በ2061 ያበቃል። ሲንጋፖርም በአንድ ሻጭ ላይ ብቻ የተመካ ገዢ በገበያ ላይ አቅም እንደማይኖረው በመረዳት የዝናብ ውኃን አጠራቀመች፤ ከ2003 ጀምሮ ፍሳሽን አጥርታ ለጥቅም አዋለች፤ የባሕርንም ውኃ ከጨው ለየች።

ሦስተኛው ጥቂቱን ውኃ በቍጠባ መጠቀም ነው። እስራኤል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1960ዎቹ ጀምሮ ያስፋፋችው የጠብታ መስኖ ውኃውን በቀጭን ቧንቧ ወደ ተክሉ ሥር ብቻ ያደርሳል። በቦይ የሚለቀቅ ውኃ ብዙው በትነትና በስርገት ሲባክን፣ በጠብታ የሚሰጠው አብዛኛው ለተክሉ ይደርሳል። እንደ በርበሬና ቲማቲም ላሉት አትክልቶች ይህ ዘዴ እጅግ የሚስማማ ነው።

አራተኛው የሕዝቡን ፍጆታ መግታት ነው። ኬፕታውን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2018 ቧንቧዎቿን ለመዝጋት በተቃረበችበት ጊዜ ለአንድ ሰው በቀን 50 ሊትር ብቻ ፈቀደች። ይህ በእኛ መለኪያ ሁለት ጀሪካን ተኩል ነው። ሕዝቡም ስለ ታዘዘና በኋላም ዝናብ ስለ ጣለ ከተማይቱ ከጥፋት ዳነች።

ይህን ሁሉ ስንናገር ግን ሥርዐቱ ከውጭ ብቻ የሚመጣ ነው ማለታችን አይደለም። በቦረና የጥልቅ ጉድጓዶች ዘንድ፣ አባ ሄሬጋ የሚባለው ሹም የማን ከብት በየትኛው ቀን እንደሚጠጣ ተራ ያወጣል። ይህም ውኃን በሕግና በተራ የማስተዳደር ጥበብ ከጥንት ጀምሮ በአገራችን መኖሩን ያሳያል።

፬. የጀሪካኑ ሒሳብ

በአዋጅ ቍጥር 197/1992 እንደ ተደነገገው የአገሪቱ ውኃ የሕዝቡና የመንግሥት የጋራ ሀብት ነው፤ ከማንኛውም አገልግሎት ይልቅም ለሰው መጠጥና ለቤት ውስጥ አገልግሎት የሚውለው ቅድሚያ ይሰጠዋል። ስለዚህ ውኃው ራሱ የማንም ሸቀጥ አይደለም፤ ዋጋ የሚያወጣው መቅዳቱ፣ ማጣራቱ፣ ማጓጓዙና ማከማቸቱ ነው።

ይህ ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ በቀላል ስሌት እንመልከት። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ 1,000 ሊትር ነው፤ 20 ሊትር በሚይዘው ቢጫ የዘይት ጀሪካን 50 ጀሪካን ይሆናል። በአህያ ጋሪ የሚመጣው አንዱ ጀሪካን 5 ብር ተሸጠ ብንል፣ ሜትር ኩቡ 250 ብር ወጣ ማለት ነው። በቤቱ ቧንቧ ያለው ሰው በቆጣሪ ሲከፍል እንዲህ ያለ ዋጋ አይጠየቅም። እንግዲህ ብዙውን ጊዜ ለውኃ የበለጠ የሚከፍለው ባለጠጋው ሳይሆን ቧንቧ ያልገባለት ድኻ ነው። ሻይ ቤትና ምግብ ቤት ያላቸው አንባብያን ይህን ስሌት በራሳቸው ቁጥር ቢሠሩት የወር ወጪያቸው ወዴት እንደሚሄድ በግልጽ ይታያቸዋል።

አሁን ደግሞ ሌላውን ስሌት እንጨምር። በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውኃ ነው። የዓመቱ ዝናብ 800 ሚሊ ሜትር በሆነበት አገር፣ 100 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ 80,000 ሊትር ይቀበላል። አንድ አምስተኛው ቢባክን እንኳ 64,000 ሊትር፣ ማለትም 3,200 ጀሪካን ይቀራል። የበርበሬ መጋዘን ያለው ነጋዴ ይህን የሚያህል ሀብት በየክረምቱ ወደ ጎርፍ ይለቃል። አሸንዳ መግጠምና በሮቶ ወይም በሲሚንቶ ገንዳ ማጠራቀም ግን ብዙ ዕውቀት አይጠይቅም።

የውኃው ብዛት ብቻ ሳይሆን ዓይነቱም ሊመረመር ይገባዋል። በስምጥ ሸለቆው ብዙ ጉድጓዶች ፍሎራይድ የተባለው ማዕድን ይበዛል። የዓለም ጤና ድርጅት የመረጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ከዚህ አብዝቶ ለብዙ ዘመን የጠጣ ሰው ጥርሱ ይበልዛል፤ ሲብስም አጥንቱ ይጐዳል። በወንጂ የሸንኮራ እርሻ ሰፈሮች የደረሰው ጉዳት በዚህ ረገድ በሰፊው ተጠንቶአል። ፍሎራይድ በማፍላት አይጠፋም፤ በዐይንም አይታይም። ስለዚህ ጉድጓድ የሚያስቆፍርም ሆነ የውኃ ማጣሪያ የሚያስመጣ ነጋዴ አስቀድሞ ውኃውን በላቦራቶሪ ማስመርመር አለበት። ጭቃን የሚያጠራ ማጣሪያ ሁሉ ፍሎራይድን አያስቀርምና፣ ይህን ሳያውቁ መሸጥ ገዢውን ማታለል ይሆናል።

፭. በጆንያ ውስጥ የሚገባ ውኃ

በማሳ ላይ የጠፋው ውኃ በጆንያ ውስጥ የሚገኝበት ጊዜ መኖሩን ሳንናገር ብናልፍ ይህ ጥናት ጎደሎ ይሆናል። አንዳንድ ሻጮች የደረቀውን በርበሬ ሚዛን እንዲያነሣና እንዳይሰባበር ውኃ ያርከፈክፉበታል። በዚያን ቀን ገዢው የውኃን ክብደት በበርበሬ ዋጋ ይከፍላል። ነገር ግን ኪሳራው በዚህ አያበቃም። የረጠበው ዛላ በመጋዘን ሲታመቅ ይሻግታል፤ ከሻጋታውም አፍላቶክሲን የሚባለው ጉበትን የሚጐዳ መርዝ ይፈጠራል። የአውሮፓ ኅብረት ወደ ገበያው የሚገባ በርበሬ በአንድ ኪሎ ግራም ከ10 ማይክሮ ግራም የበለጠ ጠቅላላ አፍላቶክሲን እንዳይኖረው ከልክሎአል። ከዚህ ያለፈ ጭነት እንዲመለስ ወይም እንዲወገድ ይደረጋል። በአንድ ጆንያ ላይ የተረጨ አንድ ጣሳ ውኃ የአገርን ስም እስከማበላሸት ይደርሳል ማለት ነው።

በዚህ ዘመን ሊቃውንት በእህልና በቅመም ውስጥ ተሰውሮ ከአገር አገር ስለሚሻገር ውኃ ይናገራሉ። ይህን አሳብ ያቀረቡት ጆን አንቶኒ አለን የተባሉ የለንደን ፕሮፌሰር ሲሆኑ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2008 የስቶክሆልም የውኃ ሽልማት ተሰጥቶአቸዋል። አሳባቸውም ይህ ነው፤ በርበሬ የሚልክ አገር በርበሬውን ያበቀለውንም ውኃ አብሮ ይልካል። እንዲህ ከሆነ፣ በርበሬውን አርጥቦ የሚያበላሽ ሰው ሁለት ጊዜ ውኃ አባከነ፤ መጀመሪያ ማሳው የጠጣውን፣ ቀጥሎም በጆንያው ላይ የረጨውን።

፮. ከነጋዴው የሚጠበቀው

አስመጪዎች የጠብታ መስኖ ቧንቧን፣ በፀሐይ ኀይል የሚሠራ ፓምፕንና ቆጣሪን ሲያስመጡ መለዋወጫውንና ጠጋኙን ባለሙያ አብረው ሊያስቡ ይገባል፤ መለዋወጫ የሌለው ፓምፕ በሁለተኛው ዓመት ብረት ብቻ ይሆናልና። ላኪዎች ደረቅና ንጹሕ በርበሬን በተሻለ ዋጋ ቢገዙ ገበሬው ውኃ ከመርጨት ይልቅ በአልጋ ላይ ማድረቅን ይመርጣል። ባለሱቆችም የታሸገ ውኃን በፀሐይ ላይ ከመደርደር ቢቆጠቡ፣ የተከፈተ ክዳን ያለውን ባይሸጡ፣ ሕዝቡ ሃይላንድ እያለ የሚጠራውን ባዶ ጠርሙስም ከቦይና ከወንዝ ቢጠብቁ ለደንበኞቻቸው ጥቅም ይሠራሉ።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን በኅብረት መሥራት ነው። ከአለም ገና ተነሥቶ በቡታጅራና በሆሳዕና በኩል እስከ ወላይታ ሶዶ የሚደርሰውን መንገድ ለማሠራት የአካባቢው ተወላጆችና ነጋዴዎች በማኅበር ተሰብስበው ገንዘብ ማዋጣታቸው የሚታወስ ነው። እነዚያ ሰዎች መንገድ ከሌለ ገበያ እንደማይኖር ስለ ተረዱ ከትርፋቸው ቀንሰው ሰጡ። በዚያ መንገድ በርበሬውን ጭነን የምንነግድ እኛም፣ ውኃ ከሌለ የሚጫን ነገር እንደማይኖር መረዳት ይገባናል። ለዕቁብ የሚሰበሰብ ነጋዴ ለተራራው እርከን፣ ለምንጭ ጥበቃና ለጋራ ገንዳም ሊሰበሰብ ይችላል። የዚህንም ዓመት የወጪ መዝገብ ስንከፍት፣ ከጆንያውና ከመኪናው ወጪ በላይ አንድ መስመር ትተን «ውኃ» ብለን እንጻፍ። ያልተጻፈ ዕዳ ሳይከፈል አይቀርምና።