በአሮጌ ጠባሳ ላይ የወጣ ቁስል

ጥያቄ፦ እናቴ በልጅነታቸው ምድጃ ላይ ወድቀው ቅልጥማቸው ላይ ትልቅ ጠባሳ ቀርቷል። ዓምና ጠባሳው ተሰንጥቆ ቆሰለ፤ እስካሁን አልዳነም። ካንሰር ይሆን? (ከመካነ ሰላም)

መልስ፦ ሊሆን ይችላል፤ ሳይመረመር ግን ነው አይባልም። ከቃጠሎ ጠባሳና ለዓመታት ካልዳነ ቁስል የሚነሳው የቆዳ ካንሰር “የማርጆሊን ቁስል” ይባላል፤ ፈረንሳዊው ሐኪም ማርጆሊን እንዲህ ስላለው ቁስል የጻፈው እ.ኤ.አ. በ1828 ነው። ብዙ ጊዜ ብቅ የሚለው ከቃጠሎው አሥርት ዓመታት በኋላ ነው።

ጠባሳው ምን አገባው? የካንሰር ሕዋስ ብቻውን አያድግም፤ በዙሪያው ያለው ሥጋ ወይ ይገታዋል ወይ ያግዘዋል። ጠባሳ የደምና የሊምፍ ሥሩ የሳሳ ስለሆነ የሰውነት መከላከያ ሕዋሳት እንደልብ አይደርሱበትም። ቁስሉ ሲያመረቅዝ በኖረ ቁጥር ደግሞ ሕዋሳትን “ተባዙ” የሚለው መልእክት አይቋረጥም፤ ፋይብሮብላስት የተባሉት ጠጋኝ ሕዋሳት ሳይቀሩ ለዕጢው ማገልገል ይጀምራሉ። ቤዛል ሴል በተባለው ሌላ የቆዳ ካንሰር ላይ እ.ኤ.አ. በ1961 የታተመ ሙከራም ይህንኑ ያሳያል፦ ዕጢው በዚያው በሽተኛ ሌላ ገላ ላይ ሲተከል፣ ዙሪያው ያለው ሥጋ አብሮት ካልሄደ አልቀጠለም።

አሁን ጠርዙን ይዩት። ጠጠር ብሎ ወደ ላይ ከተነሳ፣ ሲነኩት ከደማ፣ ጠረኑ ከከበደ ወይም ብሽሽታቸው ላይ ንፍፊት ካለ አይዘግዩ። ደሴ አጠገብ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የቆዳ ሕክምና ይሰጣል። ናሙናው ከመሐል ብቻ ሳይሆን ከጠርዙም ይወሰድ፤ መሐሉ የሞተ ሥጋ ሊሆን ይችላል። ውጤቱ “ካንሰር የለም” ቢልም ቁስሉ ካልዳነ ደግመው ያስመርምሯቸው። እስከዚያ በንጹሕ ጨርቅ ይሸፈን፤ ቅጠል አይደረግበት።